ወፍ ከመንከሷ በፊት ትናገራለች፤ የነገሌ ቦረና ጉዞ ማስታወሻ

ነገሌ ቦረና በደረስኩ በማግስቱ፣ የመንገዱ ድካም ገና ከጉልበቴ ሳይወጣ፣ የአራት ዓመቷን የልጅ ልጄን በቀቀን ነከሳት። ጥፋቱ የወፏ አልነበረም፤ የእኔ ነው። በረንዳው ላይ ከተሰቀለው የሽቦ ቤት ፊት አቁሜ፣ «አይዞሽ፣ አለሁልሽ! ጣትሽን አሾልኪና አጉርሻት» ብዬ የበቆሎ ፍሬ ያስያዝኳት እኔ ነኝ። ወፏ በቆሎውን ትታ ጣቷን ያዘች። ልጅቷ ጮኸች። እኔም ደንግጬ ጮህኩና የሽቦውን ቤት በመዳፌ መታሁት። ወፏ ይብሱን አጥብቃ ያዘች እንጂ አልለቀቀችም። በመጨረሻ ስትለቅ ከሌባ ጣቷ ጫፍ ላይ ደም ችፍ ብሎ ነበር።

አማቼ ከውስጥ ሮጦ ወጣ። «በቃ! ዛሬውኑ ከዚህ ቤት ትውጣ» አለ። ልጄ ነርስ ናት፤ ምንም ሳትናገር የልጅቱን ጣት በውሃና በሳሙና ታጥብ ጀመር። ትንሿ ግን በእንባዋ መሃል ደጋግማ የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «አትምቷት፤ አጉርሻት ያለኝ አባባ ነው።» ሰባ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ነው የቀረኝ። እንዲህ ያለ ትክክለኛ ፍርድ ግን ከብዙ ሰው አልሰማሁም።

የሄድኩት ለሁለት ሳምንት ነበር። በነዚያ ሁለት ሳምንታት ከቆላው ወፎችና ከአንዲት ሕፃን የተማርኩትን፣ በቤታቸው ወፍ ወይም ዶሮ፣ ከጉልበታቸው ሥር ደግሞ ትንሽ ልጅ ላላቸው ወላጆችና አያቶች ላካፍል ብዬ ይህን ጻፍኩ።

ከአዲስ አበባ እስከ ነገሌ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። እኔ ሐዋሳ አድሬ ነው የሄድኩት። ጠዋት ከሐዋሳ ወጥቶ አለታ ወንዶ ሲደርሱ መንገዱ ግራና ቀኝ እንሰት፣ ቡናና አቮካዶ ነው። ለልጆቹ ብዬ አንድ ፌስታል አቮካዶ ገዛሁ፤ የዚህን አቮካዶ ነገር ቆይቼ እመለስበታለሁ። ከዚያ መንገዱ ወደ ሐገረ ሰላምና ወደ ቦሬ ይወጣል፤ ጋቢ የሚያስደርብ ብርድና ጉም ነው። ከቦሬ ወዲያ ቁልቁለቱ ይጀምራል። ክብረ መንግሥትን፣ ከዚያም ዋደራን ሲያልፉ ደኑ እየሳሳ፣ አፈሩ እየቀላ፣ አየሩ እየሞቀ ይሄዳል፤ ጋቢው ወደ ሻንጣው ይመለሳል። ነገሌ ሲቃረቡ ግራር፣ ኩይሳ፣ ግመልና ሰፊ ሰማይ ይቀበሉዎታል።

በእኔ ዕድሜ ላለ ሰው ነገሌ ሲባል ቀድሞ የሚታወሰው ጥር 1966 ነው። በዚያ የሰፈሩ ወታደሮች በምግብና በውሃ ተማረው አለቆቻቸውን የያዙበት፣ ለአብዮቱ በር ከፈተ የሚባለው ወር። የዛሬዋ ነገሌ ግን ለእኔ የልጄና የአማቼ የሥራ ቦታ፣ የልጅ ልጆቼ ከተማ ናት። ከሱቅ ደጃፍ ላይ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛና አማርኛ በአንድ ጊዜ ይሰማል። ቀትር ላይ ሁሉም ጥላ ይፈልጋል፤ አመሻሽ ላይ ነፋሱ ሲመለስ ልጆች ወደ ደጅ ይወጣሉ። ያኔ ነው በልጄ በረንዳ ላይ ግርግሩ የሚጀምረው።

ወፏን ልጆቹ «ብርቱካን» ይሏታል። አማቼ ከወራት በፊት ከመንገድ ዳር ከሚሸጡ ልጆች ገዝቶ ነው ያመጣት፤ የክንፏ ላባ ተቆርጦ ነበር። ከርግብ የምታንስ በቀቀን ናት፤ ጀርባዋ ግራጫና ቡናማ፣ ዓይኗ ቀይ፣ ሆዷ ደማቅ ብርቱካንማ። ዘመዶቿ በእኛ ቆላ፣ በሶማሊያ፣ በኬንያና በሰሜን ታንዛኒያ ደረቅ አገሮች ይኖራሉ። ጎጇቸውን በዛፍ ሽንቁር፣ አንዳንዴም ዛፍ ላይ በተሠራ የምስጥ ቤት ውስጥ ያደርጋሉ። ጎረቤት የሚኖሩት የቦረና አዛውንት ስሟን ሲሰሙ ከልባቸው ሳቁ። ለካ ሆዱ ብርቱካን የሚሆነው ወንዱ ነው፤ የሴቷ ሆድ አረንጓዴ ነው። እኛ ግን አፋችን ለምዶ «እሷ» ማለታችንን አልተውንም።

ከንክሻው ማግስት አማቼን አንድ ሳምንት ታገሠኝ ብዬ ለመንኩት። መምህር ሆኜ ብዙ ዓመት ስለሠራሁ፣ የማይገባኝን ልጅ ከመቅጣቴ በፊት ቁጭ ብዬ የማየት ልማድ ነበረኝ፤ ለወፍ ግን አስቤው አላውቅም። ወንበር ይዤ ከሽቦው ቤት አራት እርምጃ ርቄ ተቀመጥኩ። ከጠዋት እስከ ቀትር ያየሁትን በደብተር ጻፍኩ።

ልጄ ብቻዋን ቁጭ ብላ ባቄላ ስትፈለፍል ብርቱካን በአንድ እግሯ ቆማ፣ ላባዋን ላላ አድርጋ፣ ዓይኗን ከደን ታደርጋለች። ምንቃሯን እርስ በርሱ ቀስ አድርጋ ስታፋጭም ሰማኋት፤ ይህ እንቅልፍ የመጣበትና የተረጋጋ በቀቀን ድምፅ ነው። ልጆቹ በነጠላ ጫማ እየተንጣጡ ሲሮጡ ግን ላባዋን ሰውነቷ ላይ ልጥፍ አድርጋ፣ ቀጥንና ረዘም ብላ ትቆማለች። እጅ ወደ ሽቦው ሲቀርብ ወደ ኋላ ትለጠጣለች፤ የአንገቷ ላባ ይቆማል፤ የዓይኗ ብሌን ሰፋ ጠበብ ይላል፤ ምንቃሯ ይከፈታል፤ ከጉሮሮዋም እንደ ማጉረምረም ያለ ድምፅ ይወጣል። እጁ ካልተመለሰ ትነክሳለች።

ደብተሬን መልሼ ሳነበው አፈርኩ። እነዚህ ምልክቶች ሁሉ ልጅቷን ያስጠጋኋት ቀንም ነበሩ። ወደ ኋላ ስትለጠጥ «ጎበዝ ናት፣ ቦታ ለቀቀችልሽ» ብዬ ነበር። ምንቃሯን ስትከፍት «ተርባለች» ብዬ ነበር። ወፏ አራት ጊዜ «ተዉኝ» ብላለች፤ አምስተኛው ንክሻው ነው። «ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች» እንላለን፤ እኛ ግን በአገራችን ቋንቋ እንድትጮህልን ስንጠብቅ ነበር።

አዲስ አበባ ላለ የእንስሳት ሐኪም ወዳጄ ደወልኩ። የነገረኝን በቀላሉ ላስቀምጠው። በቀቀን በተፈጥሮው የሌላ አዳኝ ምግብ የሆነ እንስሳ ነው፤ ከላይ የሚመጣ ነገር ሁሉ ጭልፊት ነው ብሎ ይፈራል። ሮጦ የሚመጣ ልጅ፣ ከላይ የሚወርድ እጅ፣ ድንገተኛ ጩኸት፣ ሁሉም ለእርሱ አንድ ነው። ዱር ውስጥ ቢሆን በርሮ ያመልጥ ነበር። ክንፉ ተቆርጦ ሽቦ ውስጥ ሲሆን የቀረው መከላከያ ምንቃሩ ብቻ ነው።

ቀጥሎ የነገረኝ ደግሞ ልጆች ላሳደግን ሰዎች እንግዳ አይደለም። ወፏ ስትነክስ ጮኸን ቤቷን ከመታን፣ ፍርሃቷን እናባብሳለን። እጃችን የሚሸሸው ስትነክስ ብቻ ከሆነ ደግሞ፣ ማስጠንቀቁ ዋጋ እንደሌለው፣ ንክሻው ግን እንደሚሠራ ትማራለች። በሚቀጥለው ጊዜ ወደ ኋላ መለጠጡን፣ ማጉረምረሙን ትታ በቀጥታ ወደ ንክሻው ትሄዳለች። «ሳታስጠነቅቅ ነከሰች» የምንላት ወፍ ብዙ ጊዜ ማስጠንቀቂያዋ ሰሚ አጥቶ የተወችው ናት። ስለዚህ መፍትሔው ገና ወደ ኋላ ስትል፣ ያኔውኑ እጅን መመለስ ነው። ከነከሰችም አለመጮህ፣ አለመምታት፣ ፊቷ ላይ እፍ አለማለት፤ ዝም ብሎ ቀስ ብሎ መራቅ።

ከዚያ ቤቱን መመርመር ጀመርን። የብርቱካን ቤት የተሰቀለው በረንዳው መሃል፣ መተላለፊያው ላይ ነበር። ልጆች ከፊት ከኋላ፣ ከግራ ከቀኝ ይሮጣሉ፤ ፊቷን ወደየት እንደምታዞር አታውቅም። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በቀጥታ ይመታታል። ከሁሉ የከፋው ግን ቡናው ነው። ከሰል የሚቀጣጠለው፣ ዕጣን የሚጨሰው እዚያው ሥሯ ነበር። የወፍ ሳንባ ለጭስ ከእኛ ሳንባ ይልቅ እጅግ ስሱ ነው። እንግሊዞች በከሰል ማዕድን ጉድጓዶቻቸው ውስጥ መርዛማ ጋዝ መኖሩን ለማወቅ ካናሪ የምትባለውን ትንሽ ወፍ ይዘው ይገቡ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው፤ ልማዱ እስከ 1986 እ.ኤ.አ. ቆይቷል። እኛ ደግሞ በፈቃዳችን በየቀኑ ሦስት ጊዜ እናጨስባት ነበር። የታፈነች ወፍ ትቆጣለች እንጂ ምን ታደርግ?

አማቼ ቤቷን ወደ ጥጉ አዞረው፤ ሁለት ጎኗ ግድግዳ ሆነ። ቁመቱንም ከልጆቹ እጅ ከፍ፣ ከአዋቂ ፊት እኩል አደረገው። ልጄ ያረጀ ነጠላ አምጥታ የቤቷን አንድ ሦስተኛ ሸፈነችው፤ መደበቂያ አገኘች። ሰው ሲበዛባት እዚያ ትገባለች፤ እዚያ ከገባች ማንም አይጠራትም። የቡናው ረከቦት ወደ ጓሮ ዛፉ ሥር ተዛወረ። ለመኝታዋም ሰዓት ቆረጥንላት። በቀቀን ከ10 እስከ 12 ሰዓት የሚደርስ ጨለማና ጸጥታ ያስፈልገዋል፤ ሌሊት እስኪጋመስ ቴሌቪዥን ፊት የምትቀመጥ ወፍ ጠዋት ላይ ነጭናጫ ብትሆን አይፈረድባትም። መሰልቸትም ያናክሳልና የምትቦጫጭቀው የበቆሎ ቆረቆንዳ፣ በቀትር ሙቀት የምትታጠብበት ጣባ ውሃ ጨመርንላት።

አሁን ወደ አቮካዶው ልመለስ። ዕርቅ ልፍጠር ብዬ አንዱን ልጬ ልሰጣት ስል ስልክ ላይ የነበረው ወዳጄ ጮኸብኝ። አቮካዶ ለበቀቀንና ለብዙ ወፎች መርዝ ነው፤ ሊገድል ይችላል። ቸኮላት፣ ቡናና አልኮልም እንዲሁ፤ ጨው የበዛበት ምግብም አይስማማቸውም። በቦረናና በጉጂ ቤት ለእንግዳ የሚቀርበው፣ ቡናው በቅቤ የሚታመስበት ቡና ቀላ ለእኔ ግሩም ሆኖ አገኘሁት፤ ለብርቱካን ግን አንዲት ፍሬም አይፈቀድም። ፓፓያ፣ የተቀቀለ በቆሎ፣ ማሽላና ጎመን ግን ይሆኗታል። ልጆች ያላቸውን ሁሉ ማካፈል ይወዳሉና «ከእኔ ሳህን ለወፍ አይሰጥም» የሚለው ሕግ ከንክሻው ሕግ እኩል መነገር አለበት።

ከሁሉ ይልቅ የሠራነው ግን ከልጅቷ ጋር ነው። ለአራት ዓመት ልጅ «ተጠንቀቂ» ማለት ምንም አይነግራትም። ስለዚህ ሦስት ነገር ብቻ አስተማርኳት፤ «እጅ ወደ ኋላ፣ ድምፅ ዝቅ፣ ዓይን ክፍት።» በርጩማዋን ከሽቦው ሁለት እርምጃ አርቀን አስቀመጥን፤ መሬቱ ላይ በጠመኔ መስመር አሰመርን። አዋቂ በመሃል ካልተቀመጠ መስመሩ ጋ መድረስ የለም። ሥራዋ መንካት አይደለም፤ ወፏ የምትለውን ለእኔ መተርጎም ነው። «አባባ፣ ቀጠነች።» «እንግዲያ ፈርታለች፣ ምን እናድርግ?» «ድምፅ ዝቅ።» «አባባ፣ አንገቷን ነፋች።» «እንግዲያ?» «እንሂድላት።»

በአራተኛው ቀን ብርቱካን ስትረጋጋ፣ ልጅቷ አንድ የሱፍ ፍሬ በረጅም የእንጨት ማንኪያ ወደ ምግብ ሳህኗ ጣል አድርጋ ወደ በርጩማዋ ትመለስ ጀመር። ወፏ መጀመሪያ ከነጠላው ሥር ሆና ጠበቀች። በሳምንቱ መጨረሻ ግን ማንኪያው ሲመጣ ራሷ ወደ ፊት መጥታ ትጠብቅ ነበር። ጣት ወደ ሽቦው የገባበት ቀን ግን የለም፤ እንዲገባም አልፈለግንም። ወዳጄ እንዳለኝ ትንሽ ልጅ በቀቀንን በእጁ ይዞ፣ ይልቁንም በትከሻው ላይ አስቀምጦ ሊጫወት አይገባም፤ ከትከሻ እስከ ዓይን አንድ ስንዝር ነውና። የአንድ ዓመት ተኩሉ ታናሽ ወንድሟ ደግሞ መስመርም በርጩማም ስለማይገባው፣ እሱ ሲነቃ የሽቦው ቤት ወደ መኝታ ክፍል ይገባል።

አመሻሽ ላይ እነዚያ ጎረቤት አዛውንት ይመጣሉ። እኔ «ኦቦ» እያልኩ እጠራቸዋለሁ፤ እሳቸው የእኔን ነገር በርቀት እያዩ ይስቃሉ። አንድ ቀን በልጅነታቸው ወደ ማር የምትመራቸውን ወፍ አጫወቱን። ወፏ ራሷ እረኛውን ፈልጋ ትመጣለች፤ እየጮኸች ከዛፍ ወደ ዛፍ እየዘለለች ወደ ቀፎው ትወስደዋለች። ሰውየው ጭስ አጭሶ ንቦቹን ያባርርና ማሩን ይወስዳል፤ ሰሙን ለእሷ ይተውላታል፤ ሰም ነውና ምግቧ።

ይህ የእረኛ ተረት ብቻ አይደለም። በሰሜን ኬንያ በሚኖሩ ቦረናዎች መካከል ለዓመታት የተሠራ ጥናት በ1989 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ማር ፈላጊዎቹ በማያውቁት አካባቢ ያለ ወፏ አንድ የንብ ቤት ለማግኘት በአማካይ ወደ 9 ሰዓት ሲፈጅባቸው፣ ወፏ ስትመራቸው ግን በ3 ሰዓት ገደማ ያገኙ ነበር። እነሱም ወፏን የሚጠሩበት «ፉሊዶ» የሚባል፣ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰማ ፉጨት አላቸው። ከወፏ አበራረርና ጩኸት የማሩን አቅጣጫና ርቀት ይገምታሉ። ኦቦ መዳፋቸውን ገጥመው ፉጨቱን አሰሙን። የልጅ ልጄ አፏን ከፍታ ቀረች። ወፍ ሳይታሰር፣ ሳይነካ፣ ከሰው ጋር ሥራ ሊሠራ እንደሚችል ያን ቀን ገባት። ለእኔም የገባኝ ያን ዕለት ነው፤ እኛ በጠመኔ መስመር የጀመርነውን የወፍ ቋንቋ የማንበብ ትምህርት የቆላው እረኛ ከጥንት ያውቀዋል።

በሁለተኛው ሳምንት ኦቦ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው የሊበን ሜዳ ይዘውን ሄዱ። እዚያ ሜዳ ላይ፣ በሣር ውስጥ፣ በአፍሪካ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ወፎች አንዷ ትኖራለች። ቡናማ፣ ትንሽ፣ ጭራዋ አጭር ናት፤ ሳይንስ በነገሌ አካባቢ ያወቃት በ1968 እ.ኤ.አ. ነው። ጎጆዋን የምትሠራው መሬት ላይ፣ ከሣር ጉጥ ሥር ነው። ሣሩ በግጦሽ ካለቀ፣ ሜዳው ከታረሰ ወይም ቁጥቋጦ ከዋጠው የምትሸሸግበት የላትም። አሁን ማኅበረሰቡ «ካሎ» እያለ አንዳንድ ቦታ አጥሮ ሣሩን ያሳርፋል፤ በበጋ ለጥጆች ይሆናል፤ ለወፏም ትንፋሽ ነው። ወፏን አየናት ብዬ አልዋሽም። ልጅቷ ግን ማንም ሳይነግራት እጇን ወደ ኋላ አጣምራ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ እግሯ የሚያርፍበትን እያየች ነበር የምትራመደው።

ለመመለሻ የመረጥኩት በአሬሮ ወደ ያቤሎ የሚያወጣውን መንገድ ነው፤ አማቼ ለሥራ ይሄድ ስለነበር በመኪናው ሸኘኝ። የአሬሮ ደን አንድ የሚገርም የወፍ ታሪክ አለው። ዩጂንዮ ሩስፖሊ የተባለ ኢጣሊያዊ መስፍን በ1893 እ.ኤ.አ. በደቡብ ኢትዮጵያ ሲጓዝ ዝሆን ገደለው። ከሰበሰባቸው ወፎች መካከል ግንባሯ ነጭ የሆነ አንዲት የምታምር ወፍ ተገኘች፤ ከየት እንደያዛት ግን የጻፈው አልነበረም። ስሙ ተሰጣት፤ አገሯ ግን ሳይታወቅ ቀረ። በአሬሮ ደን የተገኘችው ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። ወፍ ከቦታዋ ስትነጠል አድራሻዋም አብሮ ይጠፋል። ብርቱካንም እንዲሁ ናት፤ ከየትኛው ዛፍ ሽንቁር እንደወጣች የሚነግረን የለም።

ያቤሎ ስንቃረብ ደግሞ ሌላ ጎረቤት አገኘን። በያቤሎ፣ በሜጋና በአሬሮ ዙሪያ ካልሆነ በቀር በዓለም ላይ የትም የማትገኝ፣ ሰውነቷ ነጣ ያለ ግራጫ፣ ክንፏ ጥቁር፣ የዓይኗ ዙሪያ ሰማያዊ የሆነች የቁራ ዘመድ። እሾሃማ ጎጆዋን ግራር ላይ ትሠራለች፤ ከከብትና ከሰው መንደር አጠገብ ያለ ፍርሃት ትመላለሳለች። እነዚህ ወፎች በቤተሰብ ነው የሚኖሩት፤ ጫጩት ሲያሳድጉ ከአባትና ከእናት ውጭ ያሉ የቤተሰቡ አባላትም ያግዛሉ። አማቼን ቀና ብዬ አየሁትና «አየህ፣ እዚህ አገር ያለ አያትና ያለ አክስት ልጅ የሚያሳድግ ወፍ እንኳ የለም» አልኩት። ሳቀ። ከዚያ ግን ዝም አለና «አባባ፣ ብርቱካንን መግዛት አልነበረብኝም» አለ።

እውነቱን ነው። የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541/1999 ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳን መያዝንና መነገድን ይከለክላል። በቀቀኖች በዓለም አቀፍ ደረጃም ንግዳቸው ቁጥጥር የሚደረግበት ሲሆን፣ አገራችን ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዚህ ስምምነት አባል ናት። መንገድ ዳር ከሚሸጥ ልጅ አንድ ወፍ ስንገዛ ነገ ሁለት እንዲያጠምድ ገንዘብ እየሰጠነው ነው። ታዲያ የገባንበትን እንዴት እንውጣ? ክንፏ የተቆረጠ፣ ከሰው እጅ መብላት የለመደች ወፍ አውጥቶ መልቀቅ ለድመት መስጠት ነው። የተቆረጠው ላባ ሲወድቅ አዲስ ያበቅላል፤ ግን ጊዜ ይፈልጋል። አማቼ የአካባቢውን የዱር እንስሳት ባለሙያዎች አነጋግሮ በሚሰጡት ምክር መሠረት ሊያደርግ፣ እስከዚያ ድረስ ግን በጥጓ በሰላም ልትቆይ ተስማማን። ለልጅቷም ይህንኑ ነገርናት፤ ብርቱካን የእኛ አይደለችም፣ እንግዳችን ናት።

በቀቀን ቤቴ የለም የሚል አንባቢ ይኖራል። ዶሮ ግን አለ። ጫጩት የታቀፈች እናት ዶሮ ላባዋን ስትነፋና ስታጉረመርም፣ አውራ ዶሮ ክንፉን ዝቅ አድርጎ በጎን ሲራመድ፣ የሚናገሩት የብርቱካንን ቋንቋ ነው። አውራ ዶሮ የሚዘለው ቁመቱ በሚደርሰው የሕፃን ፊት ላይ ስለሆነ ነገሩ ቀልድ አይደለም። ልጅን «አባሪው» ከማለት ይልቅ በመሃል ገብቶ ቀስ ብሎ ማራቅ ይሻላል።

ንክሻው ከደረሰ ደግሞ ልጄ ያደረገችውን አድርጉ። በብዙ ውሃና በሳሙና ማጠብ፣ ደሙን በንጹሕ ጨርቅ ጫን ብሎ ማቆም፣ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት መሟላቱን ማየት። ቁስሉ ዓይን አካባቢ ከሆነ፣ ጥልቅ ከሆነ፣ ወይም በማግስቱ ከቀላና ካበጠ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። ብዙ እናቶች የሚፈሩት የእብድ ውሻ በሽታ ከአጥቢ እንስሳት እንጂ ከወፍ አይመጣም። ነገር ግን ከደረቀ የበቀቀን ኩስ በአቧራ የሚተላለፍ የሳንባ በሽታ አለ። የሽቦው ቤት ሲጠረግ ቀድሞ ውሃ ይረጭ፤ ልጆች ከዚያ ይራቁ፤ ሁሉም እጁን ይታጠብ። ከቤተሰቡ ሰው ትኩሳትና ደረቅ ሳል ከያዘው «ቤታችን ወፍ አለ» ብሎ ለሐኪሙ መንገር አይረሳ። ወፏም ቀኑን ሙሉ ላባዋን ነፍታ፣ ዓይኗን ጨፍና ከዋለች ታማለች ማለት ነውና የእንስሳት ሐኪም ያያት።

ከያቤሎ ወደ አዲስ አበባ ስሳፈር አማቼ ወደ ነገሌ ተመለሰ። ቤቴ በገባሁ በሳምንቱ ስልክ ተደወለ፤ የልጅ ልጄ ናት። ሰላምታውን እንኳ ሳትጨርስ ወሬዋን ጀመረች።

«አባባ፣ ዛሬ ብርቱካን አንገቷን ነፋች።»

«እና ምን አደረግሽ?»

«ሄድኩላት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ በአንድ እግሯ ቆመች።»